በጃፓን ትንሽ የራመን ቤት፦ ከወረፋው እስከ መውጫው ያለው ሥርዓት

በቶኪዮ፣ በፉኩኦካ ወይም በሳፖሮ ከባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የታጠፈ ሰው፣ በበሩ ላይ አጭር የጨርቅ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎትና የመረቅ ሽታ የሚወጣበት አንድ ትንሽ ቤት ማየቱ አይቀርም። ቤቱ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 መቀመጫ ብቻ ይኖረዋል፤ መቀመጫዎቹም በአንድ ረጅም ባንኮኒ ፊት ለፊት የተደረደሩ ናቸው። ከባንኮኒው ማዶ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ኑድል እየቀቀሉ፣ መረቅ እየቀዱ፣ ጎድጓዳ ሳህን እያጠቡ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ራመን፣ ማለትም በትኩስ መረቅ ውስጥ የሚቀርብ የኑድል ምግብ፣ የሚበላበት የራመን ቤት የሚባለው ይህ ነው። አስተናጋጅ መጥቶ ሜኑ የሚሰጥበት፣ ተቀምጦ የሚጨዋወቱበት ቤት ስላልሆነ፣ አዲስ እንግዳ ምን እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ፣ ብዙ ጊዜም ሳይገባ ተመልሶ ሲሄድ ይታያል። እንዲህ ያለውን ምግብ ሳይቀምሱ ከጃፓን መመለስ የሚያስቆጭ ነገር ስለሆነ፣ ይህን መመሪያ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ። በራመን ቤት ውስጥ ውዱ ነገር መቀመጫው ነው። አንድ ጎድጓዳ ራመን በአብዛኛው ከ800 እስከ 1,200 የን ባለው ዋጋ ይሸጣል፤ በዚህ ዋጋ አጥንት ለብዙ ሰዓት አፍልቶ መረቅ የሚያዘጋጅ ባለቤት ቤቱን ማቆየት የሚችለው፣ እነዚያ ጥቂት መቀመጫዎች በምሳ ሰዓት ደጋግመው ሰው ሲቀያየርባቸው ነው። ኑድሉ ደግሞ በትኩስ መረቅ ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃ እየጠጣ ይለሰልሳል፤ ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ምግብ ሠሪው ያሰበው ምግብ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ወረፋው፣ ምግቡ የሚታዘዝበትና የሚከፈልበት የቲኬት ማሽን፣ ጸጥታው፣ በልቶ ወዲያው መነሳቱ፣ ሁሉም ከነዚህ ከሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም ከመቀመጫው ማነስና ከኑድሉ መለስለስ የመነጩ ናቸው። ይህን የተረዳ ሰው ከታች የተዘረዘረውን ሳይሸመድድም አብዛኛውን በራሱ ይደርስበታል።

ከመሄድዎ በፊት

ብዙ ትንንሽ ቤቶች ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ተከፍተው ከቀኑ 8 ሰዓት ወይም ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ይዘጋሉ፤ ከዚያም ማታ ከ11 ወይም ከ12 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ይከፍታሉ። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ በበሩ ላይ የሚለጠፈው ግን 11:00፣ 14:30፣ 18:00 እየተባለ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው።) በሳምንት አንድ ቀን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ቀኑም ከቤት ቤት ይለያያል። ደግሞም ለዕለቱ የተዘጋጀው መረቅ ካለቀ ሰዓቱ ሳይደርስ መጋረጃው ይወርዳል። መጋረጃው፣ በጃፓንኛ ኖሬን የሚባለው፣ በበሩ ላይ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከምሳው ግርግር በኋላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ቢደርስ ይመረጣል፤ ወረፋው ያጥራል፣ ከኋላ የሚቻኮል ሰው ስለማይኖርም ማሽኑን ረጋ ብሎ ለማየት ጊዜ ይገኛል።

ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይም የ1,000 የን ኖቶችና ሳንቲሞች ይያዙ። ብዙ የቲኬት ማሽኖች የ5,000ና የ10,000 የን ኖት አይቀበሉም፤ የ1ና የ5 የን ሳንቲምንም አይወስዱም። ከዚህ ሌላ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 መጀመሪያ ጀምሮ አዳዲስ ኖቶች አውጥታለች፤ በአዲሱ የ1,000 የን ኖት ላይ ያለው የሐኪሙ የኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ምስል ነው። ማሽን መቀየር ለትንሽ ቤት ከባድ ወጪ በመሆኑ አሮጌውን ኖት ብቻ የሚቀበል ማሽን አሁንም ሊያጋጥም ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በእጁ ይለውጥልዎታል። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ብቸኛ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሻንጣውን በባቡር ጣቢያው የሳንቲም መቆለፊያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ መሄድ ይገባል። ከሦስት ሰው በላይ ሆኖ መሄድም አይመከርም፤ አብሮ ለመቀመጥ ብዙ መጠበቅ ይኖራል፤ ወይም ተለያይቶ መቀመጥ ግድ ይሆናል። ሕፃን በጋሪ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ጠረጴዛ ያላቸው ሰፋፊ የራመን ቤቶች ይሻላሉ።

አሳማ ለማይበላና በጾም ላይ ላለ ሰው

ይህ ክፍል ለብዙዎቻችን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ። ራመን ከአሳማ ጋር የተሳሰረ ምግብ ነው። ላዩ ላይ የሚደረገው ቻሹ የተባለው ቁራጭ ሥጋ በአብዛኛው የአሳማ ነው፤ ቶንኮትሱ የሚባለው ነጭ መረቅ የሚሠራው ከአሳማ አጥንት ነው፤ በሾዩ (በሶያ ሶስ) ወይም በጨው የተቀመመ ቀለል ያለ የሚመስል መረቅ እንኳ ብዙ ጊዜ የዶሮና የአሳማ አጥንት ድብልቅ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይትም የአሳማ ሞራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቻሹ ኑኪ» ብሎ ሥጋውን ማስቀረት ችግሩን አይፈታውም። ሥጋው ከሳህኑ ላይ ቢነሳም አሳማው በመረቁ ውስጥ አለ።

መጠየቂያው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ቡታኒኩ ዋ ሀይቴ ኢማስ ካ?» ማለት የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ ማለት ነው፤ «ቡታኒኩ ዋ ታቤራሬማሰን» ደግሞ አሳማ መብላት አልችልም ማለት ነው። ሆኖም ጥያቄው ስለ ሥጋ ብቻ ስለሚመስል መልሱ መረቁን ላያካትት ይችላል፤ ስለዚህ «ሱፑ» የሚለውን ቃል ጨምሮ ወደ መረቁ እያመለከቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በምሳ ግርግር መካከል ከማድረግ ይልቅ አስቀድሞ ለይቶ መሄድ ለራስም ለቤቱም ዕረፍት ነው። ሁሉም ነገር በአንድ የመቀቀያ ውሃና በአንድ ጭልፋ በሚሠራበት ባለ 10 መቀመጫ ቤት ውስጥ «ለእኔ ብቻ ለይታችሁ ሥሩልኝ» ማለት ከአቅማቸው በላይ የሆነ ጥያቄ መሆኑን መረዳት ይገባል።

ለሙስሊም አንባቢዎች በቶኪዮ አሳኩሳ፣ ከሴንሶጂ ቤተ መቅደስ አቅራቢያ ናሪታያ የተባለ የሐላል ራመን ቤት አለ፤ በኦሳካና በኪዮቶም ሐላል ራመን የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ። ከአሳማው ሌላ፣ በማጣፈጫው ውስጥ ሳኬ ወይም ሚሪን የተባለ አልኮል ያለበት ፈሳሽ መጨመር የተለመደ በመሆኑ፣ በዶሮ መረቅ ብቻ የሚሠራ ቤት ሁሉ ሐላል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ደግሞ በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ከቲኬት መቁረጫው በር ወዲያ፣ ቲስ ታንታን የሚባል ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የማይጠቀም ራመን ቤት አለ፤ ሰሊጥ የበዛበት መረቁ ወፍራምና ቅመም ያለው ስለሆነ በዐቢይ ጾም መካከል በሥራ ጉዳይ ጃፓን ለተገኘ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። በሌላ ቤት ላዩ ላይ አትክልት ብቻ ያለበትን ሳህን አይቶ ጾም ነው ብሎ ማዘዝ ግን ያሳስታል፤ መረቁ ከአጥንት ወይም ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው፤ በአንዳንድ ኑድል ውስጥም እንቁላል ይገባል። በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ በርከት ያሉ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከነሱ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ቤቶቹን ከነሱ ቢጠይቅ ከማንኛውም ዝርዝር የተሻለ ምክር ያገኛል።

የሚያዙትን አስቀድሞ መለየት

ራመን አራት ነገሮች የሚገናኙበት ምግብ ነው፦ መረቅ፣ ታሬ የሚባለው ጠንካራ ማጣፈጫ፣ ኑድልና ላዩ ላይ የሚደረገው። ኑድሉ የስንዴ ሲሆን ካንሱይ በተባለ፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት ባለበት ውሃ ይቦካል፤ ቢጫ ቀለሙና መለጠጡ ከዚህ የመጣ ነው። ምንጩ የቻይና ኑድል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በአሳኩሳ የተከፈተው ራይራይኬን ምግቡን በቶኪዮ ሕዝብ ዘንድ ካስለመዱት ቀደምት ቤቶች ይቆጠራል።

በማሽኑ ላይ የሚያጋጥሙ ዋና ዋና ስሞች አራት ናቸው። ሾዩ በሶያ ሶስ የተቀመመ፣ ቡናማና ጥርት ያለ ነው። ሺዮ በጨው የተቀመመ፣ ከሁሉ ቀላልና ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ነው። ሚሶ በቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ የተቀመመ ወፍራም መረቅ ሲሆን፣ የሳፖሮ ብርድ የወለደው ነው ማለት ይቻላል፤ በቅቤና በበቆሎም ይቀርባል። ቶንኮትሱ ከደቡብ፣ ከኪዩሹ ደሴት የመጣ ነው፤ የአሳማ አጥንት ለረጅም ሰዓት በኃይለኛ እሳት ሲፈላ ስቡና ከአጥንቱ የወጣው ነገር ከውሃው ጋር ተዋሕዶ መረቁን ወተት ያስመስለዋል። ከነዚህ ሌላ ቶሪ ፓይታን የሚባል፣ በተመሳሳይ መንገድ ከዶሮ የሚሠራ ነጭ መረቅ አለ። አሳማ የማይበላ ሰው ወደዚህ ያዘነብላል፤ ሆኖም ቻሹው የአሳማ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄው ያው እንደተጠበቀ ነው።

ጹኬሜን የሚባለውን ለብቻው አነሳዋለሁ። ኑድሉ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በአንድ ሳህን፣ ጠንከር ያለው መረቅ በሌላ ትንሽ ሳህን ይቀርባል፤ ተመጋቢው ኑድሉን ጥቂት በጥቂት እያጠቀሰ ይበላል። በቶኪዮ ይህን ምግብ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው የታይሾኬን ባለቤት ያማጊሺ ካዙኦ ነው። ኑድሉ ወፍራም ስለሆነ ለመቀቀል ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ባቡር የሚጠብቀው ሰው ሌላ ነገር ቢያዝ ይሻለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የማልመክረው ጂሮ የሚባለውን ዓይነት ነው። በቶኪዮ ሚታ፣ ከኬዮ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ካለው ቤት የተስፋፋው ይህ ራመን ትንሹ መጠን እንኳ 300 ግራም ገደማ ኑድል ይይዛል፤ በሌላ ቤት ከሚቀርበው ሁለት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሠራተኛው ምግቡን ከመስጠቱ በፊት «ኒንኒኩ ኢሬማስ ካ?» (ነጭ ሽንኩርት ይግባ?) ብሎ ሲጠይቅ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስለ አትክልቱ፣ ስለ ስቡና ስለ ቅመሙ መጠን በአንድ ትንፋሽ መመለስን ይጠብቃል። ሥርዓቱን ከለመዱ በኋላ መሄድ ይቻላል።

ወረፋው

በበሩ ፊት ሰው ቆሞ ካዩ ወዲያው ከኋላ አይሰለፉ፤ ቲኬቱ የሚገዛው ከመሰለፍ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አስቀድመው ያረጋግጡ። በአንዳንድ ቤት መጀመሪያ ገብቶ ከማሽኑ ቲኬት ገዝቶ መውጣትና መሰለፍ ነው፤ በሌላው ደግሞ ሠራተኛው እስኪጠራ ድረስ ወደ ውስጥ አይገባም። የተሰለፉት ሰዎች እጅ ላይ ትንሽ ወረቀት ካለ የመጀመሪያው፣ ከሌለ ሁለተኛው ነው ማለት ነው። ግራ ከገባዎት ከመጨረሻው ሰው ዘንድ ቀርበው ወደ ማሽኑ እያመለከቱ «ሱሚማሰን» (ይቅርታ) ማለት በቂ ነው፤ ብዙ ሰው በደስታ ያሳያል።

ወረፋ ለጓደኛ መያዝ በእጅጉ የሚያስነቅፍ ነው። አብረው የሚበሉት ሰዎች ሁሉ አብረው ይሰለፉ። ሰልፉ የጎረቤት ሱቅ በር እንዳይዘጋ የት ተቋርጦ የት እንደሚቀጥል የሚያሳይ ምልክት ብዙ ጊዜ ይለጠፋል፤ ጽሑፉን ማንበብ ባይቻልም ቀስቱንና የሌሎቹን አቋቋም መከተል ይበቃል። በሥራ በበዛ ቤት ሠራተኛው እየወጣ የተሰላፊውን ቲኬት አስቀድሞ ይሰበስባል፤ እርስዎ ሲቀመጡ ኑድሉ ገና ሊገባ ሳይሆን ሊወጣ እንዲቀርብ ነው።

የቲኬት ማሽኑ

እንግዳን ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሆኖም ለእንግዳ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ቋንቋ ሳይናገሩ ማዘዝና መክፈልን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ማሽኑ በአብዛኛው ከበሩ ውስጥ ወዲያው በስተቀኝ ወይም በስተግራ ይቆማል፤ ፊቱም በተደረደሩ ቁልፎች የተሞላ ነው።

ተራዎ ሳይደርስ ከሩቅ ይመልከቱትና ይወስኑ። አዘገጃጀቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ከላይ ትላልቆቹ ቁልፎች ዋናዎቹ ራመኖች ናቸው፤ ከነሱ በታች ተጨማሪዎቹ፣ ማለትም እንቁላል፣ ሥጋ፣ የባሕር ቅጠል ይመጣሉ፤ ከታች ሩዝ፣ ጊዮዛ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋና አትክልት) እና መጠጥ ይሆናሉ። ከላይ በስተግራ ጥግ ያለው ቁልፍ ቤቱ በጣም የሚኮራበት ራመን መሆኑ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ምንም ማንበብ የማይችል ሰው ያንን ቢጫን ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። አሳማ ለማይበላ ሰው ግን ይህ ምክር አይሆንም።

በአሮጌው ዓይነት ማሽን መጀመሪያ ገንዘብ ይገባል፤ ከዚያ ባስገቡት ገንዘብ ሊገዙ የሚችሉት ቁልፎች መብራት ያበራሉ። ገንዘብ ሳያስገቡ ቁልፍ ቢጫኑ ምንም አይሆንም፤ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው አያስቡ። ቀይ መብራት ወይም የ«ኤክስ» ምልክት ያለበት ቁልፍ ምግቡ አልቋል ማለት ነው። ራመኑን ከተጫኑ በኋላ ተጨማሪ ከፈለጉ በቀሪው ገንዘብ ይጫኑ፤ ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ትንሽ ቲኬት ይወጣል፤ ሁሉንም መሰብሰብ እንዳይረሳ። መልሱ በአንዳንድ ማሽን ራሱ ይወርዳል፤ በሌላው ግን የመልስ ማንሻውን ዝቅ እስኪያደርጉ ድረስ በውስጡ ይቆያል፤ ብዙ እንግዳ መልሱን ትቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲሱ ባለ ስክሪን ማሽን መጀመሪያ ተመርጦ በኋላ ይከፈላል፤ እንግሊዝኛ መምረጫና የካርድ መክፈያም ይኖረዋል።

ትልቅ ኖት ብቻ ከያዙ ኖቱን ለሠራተኛው እያሳዩ «ሪዮጋኤ ኦኔጋይሺማስ» ቢሉ ይዘረዝርልዎታል። ማሽኑ ፊት ቆሞ ማሰብ ግን አይገባም፤ ከኋላ ሰው ካለ «ዶዞ» (ይቅደሙ) ብሎ ወደ ጎን መልቀቅና ሐሳብ ሲቆርጡ መመለስ የጨዋ ሰው ተግባር ነው።

ማሽን የሌላቸው ቤቶችም አሉ። በነዚህ ተቀምጠው ሜኑውን እያመለከቱ «ኮሬ ኦኔጋይሺማስ» (ይህን እባክዎን) ብለው ያዝዛሉ፤ ሂሳቡ ሲወጡ በካዝናው ዘንድ ይከፈላል።

መቀመጥና ቲኬቱን ማስረከብ

ሲገቡ «ኢራሻይማሴ!» የሚል ከፍ ያለ የአቀባበል ድምፅ ይሰማሉ፤ በጭንቅላት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ስንት ሰው እንደሆናችሁ ከጠየቁ በጣት ማሳየት ይቻላል። ባዶ ወንበር ስላዩ ብቻ አይቀመጡ፤ ሠራተኛው በእጁ እስኪያመለክትዎ ይጠብቁ፤ ወንበሩ ለሁለት ሰዎች ተብሎ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ቦርሳ ከወንበሩ በታች ባለው ቅርጫት ወይም ከባንኮኒው ሥር ባለው መንጠቆ ላይ ይደረጋል፤ ካፖርት ከጀርባ በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በጎን ወንበር ላይ ዕቃ ማስቀመጥ የሌላ ሰው ቦታ መያዝ ነው።

ቲኬቱን በባንኮኒው ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፤ በአብዛኛው ስለ ኑድሉ ጥንካሬ ነው። በፉኩኦካ ሀካታ ዓይነት ቤቶች ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ባሪካታ፣ ካታ፣ ፉትሱ፣ ያዋ ይባላል። በዮኮሃማ እ.ኤ.አ. በ1974 በተከፈተው ዮሺሙራያ የተጀመረውና ኢኤኬ የሚባለው ዓይነት ቤት ደግሞ የኑድሉን ጥንካሬ፣ የቅመሙን ጉልበትና የዘይቱን መጠን ሦስቱንም ይጠይቃል። ለሁሉም የሚሆነው መልስ «ፉትሱ» ወይም «ዜንቡ ፉትሱ» (ሁሉም መካከለኛ) ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ምግብ ሠሪው ያሰበውን መጠን የሚቀምሱት በዚህ ብቻ ነው። ሆድዎ ትልቅ ሳህን የማይችል ከሆነ አሁኑኑ «ሜን ሱኩናሜ» (ኑድሉ አነስ ይበል) ይበሉ፤ የተረፈውን ቋጥሮ መውሰድ የለም፤ ብዙ ትቶ መሄድም ደስ አያሰኝም።

ውሃ ነጻ ነው። ማንቆርቆሪያው በባንኮኒው ላይ ከሌለ በጥግ ካለው ማቀዝቀዣ ራስዎ ይቅዱ። ቾፕስቲክ በሣጥን ወይም ከባንኮኒው ሥር ባለ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

በአገራችን ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት የፍቅር ምልክት ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ የተቀመጠ ሰው የራሱን ጎድጓዳ ማዘዝ አለበት። ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድ ራመን ማዘዝ፣ ቤቱ ካሉት ጥቂት መቀመጫዎች አንዱን በነጻ መያዝ ስለሆነ በብዙ ቤት በጽሑፍ ተከልክሏል።

አበላሉ

ምግቡ ሲደርስ በሁለት እጅ ከባንኮኒው ጠርዝ ያውርዱት፤ ሳህኑ ስለሚያቃጥል ታችኛውን ክፍልና አፉን መያዝ ይሻላል። ፎቶ ማንሳት ከፈለጉ የራስዎን ሳህን ብቻ፣ ያለ ፍላሽ፣ በአንድ ጊዜ አንስተው ስልኩን ያስቀምጡ፤ ምግብ ሠሪዎቹንና ጎረቤትዎን ማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጨርሶ የሚከለክሉ ቤቶችም አሉ።

መጀመሪያ መረቁን በማንኪያ ብቻውን ይቅመሱ። በባንኮኒው ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ አቼቶ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ሰሊጥ፣ ቀይ ዝንጅብል ሊኖር ይችላል፤ እኛ ቅመምና በርበሬ ስለምንወድ እጃችን ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ይሁን እንጂ መረቁ የብዙ ሰዓት ሥራ ስለሆነ፣ ሳይቀምሱ ነጭ ሽንኩርት መጨመር የምግብ ሠሪውን ሥራ ሳያዩ መሸፈን ነው። ግማሹን እንደቀረበ በልተው ግማሹን በቅመም ቢለውጡት ሁለቱንም ያገኙታል።

ከዚያ ኑድሉን ጥቂት ዘለላ በቾፕስቲክ አንስተው፣ ፊትዎን ወደ ሳህኑ ቀረብ አድርገው በድምፅ ይሳቡት። እኛ ዘንድ ሾርባን በድምፅ መማግ ነውር ነው፤ በራመን ቤት ግን ትኩሱን ኑድል ለማብረድና የመረቁን ሽታ ከአየር ጋር ወደ አፍንጫ ለማድረስ ስለሚረዳ ማንም አይነቅፈውም። ማድረግ ካልቻሉ ግን አይጨነቁ፤ ኑድሉን በማንኪያ ላይ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ መብላትም ምንም ነውር የለውም። የሚነቀፈው ሌላ ነው፦ ኑድሉ ፊት ለፊት እየለሰለሰ በስልክ መነጋገር ወይም ረጅም ወሬ መያዝ።

ስለ ቾፕስቲክ ሁለት ነገሮች በጥብቅ ይጠበቁ። በሩዝ ላይ አቁመው አይትከሉት፤ ይህ ለሙታን የሚደረግ ሥርዓት ነው። እንዲሁም ከራስዎ ቾፕስቲክ ወደ ጓደኛዎ ቾፕስቲክ ምግብ አያቀብሉ፤ በጃፓን ከአስከሬን ማቃጠል በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሳው በዚህ ዓይነት ስለሆነ በማዕድ ላይ ማየቱ ያስደነግጣል። ለማጉረስ የለመደ እጅ ይህን በተለይ ማስታወስ አለበት፤ ማካፈል ከፈለጉ ቁራጩን በጓደኛዎ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡ።

በሀካታ ዓይነት ቤት ኑድሉ ቀጭንና መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ቶሎ ስለሚለሰልስ በአንድ ጊዜ ብዙ አይቀርብም። በፉኩኦካ ናጋሃማ የዓሣ ገበያ ለሚቻኮሉ ሠራተኞች ተብሎ የተጀመረው ካኤዳማ ለዚህ መፍትሔ ነው፦ መረቁን ሳይጨርሱ «ካኤዳማ ኦኔጋይሺማስ» ሲሉ ከ100 እስከ 200 የን በሚሆን ዋጋ አዲስ የተቀቀለ ኑድል በቀረው መረቅ ውስጥ ይጨመርልዎታል። ኑድሉ የሚበስለው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥቂት ጉርሻ ሲቀረው መጥራት ነው። ጹኬሜን የበላ ሰው ደግሞ በመጨረሻ «ሱፑ ዋሪ» ቢል፣ የቀረው ጠንካራ ማጥቀሻ በትኩስ መረቅ ተበርዞ እንደ ሾርባ ይጠጣል።

መረቁን እስከ ታች መጠጣት ግዴታ አይደለም። አንድ ሙሉ ራመን ከነመረቁ ከ5 ግራም በላይ ጨው ሊኖረው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የሚመክረውን ያህል ማለት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ኑድሉን በልቶ መረቁን ቢተወው ማንም ቅር አይሰኝም፤ ጃፓናውያንም ብዙዎቹ ይተዉታል።

መነሳትና መውጣት

በልተው ሲጨርሱ ይነሱ። ወረፋ ባለበት ሰዓት ከተቀመጡ እስከሚነሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢሆን መልካም ነው። ሳህኑንና ብርጭቆውን ከፍ ወዳለው የባንኮኒ ጠርዝ ይመልሱ፤ መጥረጊያ ጨርቅ በአጠገብ ካለ የነጠበውን ይጥረጉ፤ ወንበሩን ያስገቡ። እነዚህ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጡ ተግባራት አንድ ሰው ብቻውን በሚሠራበት ቤት ትልቅ እገዛ ናቸው፤ ሠራተኛውም ያስተውላቸዋል። ቲፕ አይሰጥም፤ በባንኮኒው ላይ ገንዘብ ቢተዉ ረስተውት ነው ብሎ እስከ መንገድ ተከትሎ ሊመልስልዎ ይችላል። በምትኩ ወደ ምግብ ሠሪው ዞር ብለው፣ ከፍ ባለ ድምፅ «ጎቺሶሳማ ደሺታ» ይበሉ፤ ለቀረበ ማዕድ የሚነገር ምስጋና ነው፤ እንግዳ ሲለው ደግሞ በተለይ ደስ ይላቸዋል። ከወጡ በኋላ በበሩ ፊት ቆመው ስለ ምግቡ አይወያዩ፤ ቤቱ ብዙ ጊዜ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ስለሚሆን ጎረቤት የሚያማርረው በደንበኞቹ ጫጫታ ነው፤ ወሬውን እስከ ዋናው መንገድ ያቆዩት።